የኮሚክ ሥዕልን በነጻ ሶፍትዌር ቀለም መቀባት

ኮሚክ ታሪኩን በተከታታይ ሥዕልና በአጭር ንግግር የሚተርክ የኅትመት ዓይነት ነው። በትልልቅ አሳታሚዎች ዘንድ አንድ ገጽ በብዙ እጅ ያልፋል፤ አንዱ በእርሳስ ይነድፋል፣ ሌላው ንድፉን በጥቁር ቀለም ያጠራል፣ ቀለም ቀቢው ይቀጥላል፣ በመጨረሻም ንግግሩ በአረፋዎቹ ውስጥ ይጻፋል። ቀለም ቀቢው የሠዓሊውን መስመር አይለውጥም። የእሱ ድርሻ አንባቢው ገጹን እንደገለጠ ጊዜው ቀን ይሁን ሌሊት፣ ከሰዎቹ ማን ከፊት ማን ከኋላ እንደቆመ፣ ዓይኑም አስቀድሞ የት ማረፍ እንዳለበት እንዲያውቅ ማድረግ ነው። ይህ ሥራ ዛሬ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ምንም ክፍያ በማይጠይቁ የኮምፒውተር ፕሮግራሞች ሊሠራ ይችላል።

ከአራቱ ቀለም ወደ ኮምፒውተር

በ20ኛው ክፍለ ዘመን አብዛኛው ዘመን የአሜሪካ ኮሚክ የሚታተመው ሳያን በሚባለው ሰማያዊ፣ ማጀንታ በሚባለው ቀይ፣ በቢጫና በጥቁር ነበር። ከጥቁሩ በቀር ሦስቱ ቀለማት እያንዳንዳቸው በ25፣ በ50 ወይም በ100 በመቶ ጥንካሬ ይታተማሉ፤ አለዚያም ጨርሶ አይገቡም። የሦስቱ ቀለማት አራት አራት አማራጮች እርስ በርስ ሲባዙ (4×4×4) ቀለም ቀቢው በእጁ የሚኖረው 64 ቀለም ብቻ ነበር። እሱም በገጹ ቅጂ ላይ በውሃ ቀለም ምሳሌ ይቀባና የየቦታውን ቀለም በምልክት ይጽፋል፤ የማተሚያውን ሳህኖች የሚያዘጋጁት ሌሎች ሰዎች ነበሩ።

ይህ አሠራር መለወጥ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጨረሻ ነው። የጃፓናዊው ካትሱሂሮ ኦቶሞ ሥራ የሆነው ‹‹አኪራ›› እ.ኤ.አ. ከ1988 ጀምሮ በአሜሪካ ሲታተም፣ በጥቁርና ነጭ የተሣለውን ገጽ ስቲቭ ኦሊፍ በኮምፒውተር ቀለም ቀባው። ከዚያ ወዲህ ቀለም ቀቢው ምሳሌ ሰጪ መሆኑ ቀርቶ የሚታተመውን ገጽ ራሱ አዘጋጅ ሆነ።

ሁለቱ ዋና ነጻ ፕሮግራሞች

ጂምፕ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1995 በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሌ ተማሪዎች በነበሩት በስፔንሰር ኪምቦልና በፒተር ማቲስ ነው። ለሕዝብ የቀረበው በ1996 ሲሆን ዋና ጥንካሬው ምስልን ማረም፣ መምረጥና ማስተካከል ነው። ክሪታ ደግሞ በ1990ዎቹ መጨረሻ ኬዲኢ በተባለው የነጻ ሶፍትዌር ማኅበረሰብ ውስጥ ተወልዶ በኋላ ፊቱን ወደ ሠዓሊዎች ያዞረ ፕሮግራም ነው፤ ብሩሾቹ ብዙ ናቸው፣ የእጅን ጫናም በደንብ ይከተላል። ሁለቱም በዊንዶውስ፣ በማክና በሊኑክስ ይሠራሉ። ነጻነታቸው ከዋጋ ያለፈ ነው፤ ኮዳቸው ክፍት ስለሆነ ማንም ሊመረምረው፣ ሊያሻሽለውና ለሌላ ሊያካፍለው ይችላል። ከዚህ በታች የተገለጹት ደረጃዎች በሁለቱም ይሠራሉ።

መስመሩን ማዘጋጀት

በወረቀት የተሣለ ገጽ በስካነር ሲገባ በ600 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 600 ነጥብ) ቢነበብ መስመሩ ጥርት ይላል። በዚህ መጠን ኤ4 ወረቀት 4960 በ7016 ፒክስል ይሆናል። ለቀለሙ ሥራ ግን 300 ዲፒአይ፣ ማለትም 2480 በ3508 ፒክስል በቂ ነው፤ አቅሙ አነስተኛ የሆነ ኮምፒውተርም ይችለዋል። ስካን የተደረገ ወረቀት ነጭ ቢመስልም ግራጫነት አለው። ‹‹ሌቭልስ›› በሚባለው መሣሪያ የጥቁሩና የነጩ ጫፍ ወደ መሐል ሲሳብ ግራጫው ነጭ ይሆናል፣ የእርሳስ ርዝራዡ ይጠፋል፣ መስመሩም ይጠቁራል።

ቀጥሎ የሚመጣው የሥራው ሁሉ መሠረት የሆነው ሌየር ነው። ሌየር አንዱ በሌላው ላይ እንደተደረደረ መስታወት ነው፤ በላይኛው የተሣለው የታችኛውን አይነካም። መስመሩ ከላይ ይቀመጥና የሌየሩ አሠራር ‹‹መልቲፕላይ›› ይደረጋል። ትርጉሙ ማባዛት ነው፤ ፕሮግራሙ ነጭን እንደ 1፣ ጥቁርን እንደ 0 ቆጥሮ የላይኛውን ፒክስል በታችኛው ያባዛል። በ1 የተባዛ ቀለም እንዳለ ስለሚቀር ነጩ ወረቀት ከዓይን ይሰወራል፤ በ0 የተባዛ ሁሉ ጥቁር ስለሚሆን መስመሩ ጸንቶ ይታያል። ከዚህ በኋላ ቀለም የሚቀባው ከመስመሩ በታች ባለው ሌየር ላይ ነው። ስለዚህ የቱንም ያህል ስሕተት ቢሠራ የሠዓሊው መስመር አይበላሽም።

ልሙጥ ቀለም

የመጀመሪያው ቅብ በሙያው ‹‹ፍላት›› ይባላል። ፊቱ፣ ልብሱ፣ ግድግዳው፣ ሰማዩ እያንዳንዱ ጥላም ብርሃንም በሌለው አንድ ልሙጥ ቀለም ይሞላል። እዚህ ላይ ጀማሪ ብዙ ጊዜ የሚስተው ነገር ጠርዝ ነው። ፕሮግራሞቹ ጠርዝን ለማለስለስ በሁለት ቀለማት መካከል ድብልቅ ፒክስሎችን ይጨምራሉ፤ ለፍላት ይህ ማለስለሻ መጥፋት አለበት። ጠርዙ ሹል ከሆነ በኋላ ላይ የገጸ ባሕርይውን ልብስ በአንዲት ጠቅታ ነጥሎ መምረጥ ይቻላል። ለስላሳ ከሆነ ግን በተመረጠው ዙሪያ የቀድሞው ቀለም ክር ሆኖ ይቀራል። ቀለሙ ከመስመሩ ሥር ትንሽ ገባ ማለት አለበት፤ አለዚያ በቀለሙና በመስመሩ መካከል ነጭ ስንጥቅ ይታያል።

ለመሙላት ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው ቦታውን በነጻ መምረጫ ከብቦ መሙላት ነው፤ አዝጋሚ ቢሆንም አስተማማኝ ነው። ሁለተኛው በባልዲ ምልክት የሚታወቀው የመሙያ መሣሪያ ነው። ባልዲው ፈጣን ነው፤ ነገር ግን መስመሩ ያልተገጠመበት ቀዳዳ ካገኘ ቀለሙ ወደ ጎረቤት ይፈሳል። ለዚህ ችግር ክሪታ እ.ኤ.አ. በ2018 በወጣው 4.0 ዕትሙ ‹‹ከለራይዝ ማስክ››ን አመጣ፤ ቀለም ቀቢው በየቦታው ጫር ጫር ሲያደርግ ፕሮግራሙ ድንበሩን ራሱ ፈልጎ ይሞላል። ጂምፕም በ2019 በ2.10.10 ዕትሙ ባልዲው የመስመር ሥዕልን ለይቶ ቀዳዳዎችን እንዲዘጋ አደረገ።

አንዳንድ ሥራ በፍላት ያበቃል። የቤልጅጉ ኤርዤ የቲንቲንን ጀብዱዎች በጠራ መስመርና በልሙጥ ቀለም ሠርቷቸዋል። በኢትዮጵያ የብራና መጻሕፍት ሥዕል ውስጥም በጥቁር መስመር የተከበበ ደማቅ ልሙጥ ቀለም ከጥንት የታወቀ ነው። ስለዚህ ፍላት ራሱን የቻለ የአሣሣል ዘይቤ መሆን ይችላል።

የቀለም ምርጫ

አንድ ቀለም ሦስት ጠባይ አለው፦ ዓይነቱ፣ ድምቀቱና ብርሃንነቱ። ለኮሚክ ከሁሉም የሚቀድመው ብርሃንነቱ ነው። ቀይ ቀሚስና አረንጓዴ ሣር በዓይነት ቢለያዩም ብርሃንነታቸው እኩል ከሆነ ሴትዮዋ ከሣሩ አትለይም። መፈተኛው ቀላል ነው፤ ከሁሉም በላይ በጥቁር የተሞላ ሌየር ይጨመርና አሠራሩ ‹‹ከለር›› ይደረጋል፤ ገጹ በሙሉ ወደ ግራጫ ይለወጣል። በግራጫው ውስጥ ዋናው ገጸ ባሕርይ ጎልቶ ካልታየ በቀለምም አይጎላም። በተጨማሪም ሞቃት ቀለማት ወደ ፊት የመምጣት፣ ቀዝቃዛና ደብዛዛ ቀለማት ወደ ኋላ የማፈግፈግ ጠባይ አላቸው፤ ሩቅ ተራራ በሰማያዊ ሲቀባ ርቀቱ የሚሰማው በዚህ ምክንያት ነው።

የቆዳ ቀለም ልዩ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ጠይም ቆዳ ላይ ጥላ ለማሳየት ጥቁር መጨመር ፊቱን አመድ ያስመስለዋል። ጥላው ወደ ጥቁር ቀይ ወይም ወደ ሐምራዊ ቢያዘነብል ሕይወት ይኖረዋል። ጠይም ቆዳ የሚያንጸባርቀው ብርሃንም የምንጩን ቀለም ጎላ አድርጎ ያሳያል፤ ከቤት ውጭ የሰማዩን ሰማያዊ፣ በምሽት የእሳቱን ብርቱካንማ ይይዛል።

ጥላና ብርሃን

ጥላ የሚሠራው ፍላቱን በመነካካት ሳይሆን ከሱ በላይ በተጨመረ ሌላ የመልቲፕላይ ሌየር ነው። አንድ ደብዘዝ ያለ ሐምራዊ ወይም ሰማያዊ ለገጹ ሁሉ ጥላ ሆኖ ሊያገለግል ይችላል፤ ከሥሩ ያለውን ቀለም ሁሉ በአንድነት ስለሚያጠቁር ትዕይንቱን ያስተሳስረዋል። አስቀድሞ ብርሃኑ ከየት እንደሚመጣ መወሰን አለበት። ፀሐይ ከግራ ከሆነች የአፍንጫውም፣ የአንገቱም፣ የግድግዳውም ጥላ ወደ ቀኝ ይወድቃል። ለብርሃኑ ደግሞ ‹‹ስክሪን›› በሚባል አሠራር ሌላ ሌየር ይጨመራል፤ እሱ የሥሩን ቀለም ያፈካል።

በዚህ ደረጃ የተለመደው ስሕተት እያንዳንዱን ቅርጽ መሐሉን አፍክቶ ዙሪያውን ማጥቆር ነው። ሁሉም ነገር ትራስ ይመስላል፤ የብርሃኑም አቅጣጫ ይጠፋል። መስመሩን ራሱን ማቅለምም ይቻላል። የእሳት ነበልባል ወይም የሩቅ ኮረብታ በጥቁር ፈንታ በራሱ ቀለም ሲከበብ ይለሰልሳል።

ጽሑፍ፣ ማስቀመጥና ማተም

የንግግር አረፋና ጽሑፍ ከሁሉም በላይ በራሳቸው ሌየር ይቀመጣሉ። ‹‹ጀምበር›› እንደተባለው የኢትዮጵያ ኮሚክ በአማርኛና በእንግሊዝኛ ለሚታተም ሥራ ይህ ግድ ነው፤ ሥዕሉ ሳይነካ ቋንቋው ብቻ ይቀየራል። ለግዕዝ ፊደል አቢሲኒካና ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ የተባሉት ነጻ ፎንቶች አሉ። ፊደሉ በጥቃቅን ቅጥያዎች ስለሚለያይ አሳንሶ መጻፍ ንባቡን ያውካል።

ሥራው ሌየሮቹን እንደያዘ በጂምፕ በኤክስሲኤፍ፣ በክሪታ በኬአርኤ ዓይነት ፋይል ይቀመጣል። ለስክሪን ፒኤንጂ፣ ለማተሚያ ቤት ቲፍ ይሻላል። ጄፔግ ፋይሉን ለማሳነስ በጠርዞች ዙሪያ ጉድፍ ስለሚፈጥር ለፍላት አይስማማም። ስክሪን ቀለምን የሚሠራው በቀይ፣ በአረንጓዴና በሰማያዊ ብርሃን ሲሆን ማተሚያ ቤት ግን በአራቱ ቀለማት ነው፤ ስለዚህ በስክሪን የሚያበራ አረንጓዴ ወይም ሰማያዊ በወረቀት ላይ ይደበዝዛል። ክሪታ በአራቱ የኅትመት ቀለማት በቀጥታ መሥራት ይችላል፤ ጂምፕ የኅትመቱን ውጤት አስቀድሞ በስክሪን ያሳያል። የንግግሩ ጽሑፍ በጥቁር ቀለም ብቻ መታተም አለበት፤ ከአራቱ ከተቀየጠ ሳህኖቹ ትንሽ ሲዛነፉ ፊደሉ ይደበዝዛል።

የልምምድ ቅደም ተከተል

ለጀማሪ ማውስ ይበቃል፤ ፍላት በመምረጥና በመሙላት የሚሠራ ነውና። የእጅን ጫና የሚለካ የሥዕል ታብሌት የሚያስፈልገው ጥላና ብርሃን ሲጀመር ነው። የፈረንሳዊው ዳቪድ ሬቯ ‹‹ፔፐር ኤንድ ካሮት›› እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ በክሪታ የተሠራ ኮሚክ ሲሆን ሌየሮቹን የያዙት ፋይሎች በነጻ ስለሚገኙ አንድ ባለሙያ ገጹን እንዴት እንደገነባ ከውስጥ ማየት ይቻላል። ከዚያ በኋላ የሚጠቅመው ልምምድ አንድን ሥዕል በአንድ ፍላት ሦስት ጊዜ መቀባት ነው፤ አንዴ በቀትር፣ አንዴ በማምሻ፣ አንዴ በሌሊት። የሚለወጡት የጥላውና የብርሃኑ ሌየሮች ብቻ ናቸው፤ መስመሩና ፍላቱ እንዳሉ ይቀራሉ። ሦስቱ ሥዕሎች ጎን ለጎን ሲቀመጡ እያንዳንዱ ሰዓቱን ያለ ጽሑፍ ከተናገረ፣ ተማሪው ቀለም በኮሚክ ውስጥ ያለውን ሥራ ይዞታል።