ፊደል መቁጠር ብቻ አይበቃም

እኛ በዱብሉቅ ማታ ማታ እንግሊዝኛ የምናጠናው በአንድ መጽሐፍ ነው። ይህም ጆርጅ ኦርዌል እ.ኤ.አ. በ1945 ያሳተመው «አኒማል ፋርም» ሲሆን፣ የስታሊንን አገዛዝ በእንስሳት መስሎ ይተቻል። እንስሳቱ ጌታቸውን አባረው ሰባት ሕግ በግድግዳ ላይ ይጽፋሉ።

ከሕጎቹ አንዱ አልጋ ላይ መተኛትን ይከለክላል። አሳማዎቹ ግን አልጋው ስለ ጣማቸው በሕጉ መጨረሻ ሁለት ቃል ቀጠሉበት። ክልክሉ በአንሶላ መተኛት ብቻ ሆኖ ቁጭ አለ!

ይህ እንዴት ይሆናል? በአማርኛም ሆነ በኦሮምኛ ዓረፍተ ነገርን የሚዘጋው ግሱ ነው። እንግሊዝኛ ግን ከግሱ በኋላ ሌላ ቃል ያስከትላል። ግሱን አይቶ «ገባኝ» የሚል ሰው ይሳሳታል፤ እኛም ተሳስተናል። የዱብሉቅ ጉድጓድ ውሃ ከእጅ ወደ እጅ እየተቀባበለ ይወጣል፤ የመጨረሻው ሰው ገንዳው ውስጥ ካልገለበጠው ከብቱ አይጠጣም። ንባብም እንዲሁ ነው።

በመጽሐፉ ያለችው ባዝራ ፊደል ለይታለች፤ ቃል ማንበብ ግን አልቻለችም። ሕጉ መለወጡን ብትጠረጥር ፍየሏን አስነበበች፤ በኋላ ግን የረሳሁት እኔ እሆናለሁ ብላ ተወችው።

አንባቢያን ሆይ፣ ፊደል ቆጥራችሁ አታቁሙ። እስከ መጨረሻው ቃል አንብቡ፤ ያነበባችሁትንም ጽፋችሁ አስቀምጡ።