ከጆሮ ጋር በልክ ስለሚገጥም ማዳመጫና መድፈኛ
(በሬዲዮ የተሰጠ ንግግር)



ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚጓዝ ሰው የፎገራን ሜዳ ሲያቋርጥ፥ ወደ ደብረ ታቦር የሚወስደው መንገድ ከሚገነጠልባት ከወረታ ከተማ ይደርሳል። የጉማራና የርብ ወንዞች ጎርፍ በክረምት የሚተኛበት ይህ ሜዳ፥ ከ1970ዎቹ ዓ.ም. ወዲህ ሩዝ ስለ ተለመደበት፥ ዛሬ ከታወቁት የአገራችን የሩዝ ምድሮች አንዱ ሆኗል፤ ብሔራዊው የሩዝ ምርምርና ማሠልጠኛ ማዕከልም የሚገኘው በዚያው በወረታ ነው። የሩዙን ገለባ የሚለየው የመፈልፈያ መኪና ግን ጩኸቱ ብርቱ ነው።

በዚህ መኪና አጠገብ የሚውል ሠራተኛ ጆሮውን በጥጥ ቢወትፍ፥ የተጠበቀ ሊመስለው ይችላል። በአውራ ጎዳናው በአውቶቡስ የሚያልፈው የመንግሥት ሠራተኛም ማዳመጫ ሰክቶ ዜና ሲሰማ፥ የሞተሩ ድምፅ ስለሚያስቸግረው ማዳመጫውን ከፍ ያደርገዋል። የሁለቱ ነገር የተለያየ ቢመስልም፥ ጉዳታቸው የሚመጣው ከአንድ ምክንያት ነው፤ ይኸውም በጆሮውና በተሰካው ነገር መካከል የቀረው ትንሽ ክፍተት ነው።

ድምፅ የአየር ንዝረት ስለ ሆነ፥ አየር የሚያልፍበት ስንጥቅ ሁሉ ለድምፅ መንገድ ይሆናል። በዚያ ስንጥቅ የውጭው ጩኸት ይገባል፤ ከማዳመጫው የሚመነጨውም ወፍራም ድምፅ በዚያው ያመልጣል። ስለዚህ ሙዚቃው ቀጭንና ባዶ ሆኖ ይሰማል፤ ሰሚውም የጎደለውን ለመሙላት ሲል ድምፁን ይጨምራል። በእንዲህ ያለ ጊዜ ማዳመጫውን ከመውቀስ በፊት አገጣጠሙን መመርመር ይገባል።

የጎልማሳ ሰው የጆሮ ቦይ ርዝመቱ 2.5 ሳንቲ ሜትር ያህል ሲሆን፥ ቀጥ ያለ ሳይሆን ሁለት መታጠፊያ ያለው ነው። የአንዱ ሰው ከሌላው፥ የቀኙም ከግራው ይለያል። በዚህም ላይ አፍ ሲከፈትና ሲዘጋ መንጋጋ ስለሚገፋው መልኩ ይለዋወጣል። በልክ የሚሠራ ማዳመጫ ያስፈለገው ስለዚህ ነው።

ልኩን የሚወስደው ባለሙያ አስቀድሞ ጆሮውን በመብራት ይመረምራል፤ ኩክ ቢበዛበት እንዲጸዳ ያደርጋል። ታምቡሩን ለመጠበቅም ክር የታሰረበት ትንሽ ስፖንጅ ከውስጥ ያኖራል። ቀጥሎ ለስላሳ ሲሊኮን ይሞላበታል፤ ይህም በጥቂት ደቂቃ ረግቶ የጆሮውን ቅርጽ እንደ ያዘ ይወጣል። ልኩ ሁለተኛውን መታጠፊያ ማለፍ አለበት፤ ብዙ ባለሙያዎችም ባለ ጆሮው አፉን ከፍቶ እንዲቆይ ያዝዛሉ፤ አለዚያ ሲናገር ወይም ሲያኝክ ክፍተት ይፈጠራል። ይህን ሥራ በቤት ውስጥ መሞከር ግን ታምቡርን የሚጎዳ አደጋ ነው።

ለመፈልፈያው ሠራተኛ የሚበቃው ርካሹ የስፖንጅ መድፈኛ ነው። በመጀመሪያ እጁን ከአቧራና ከገለባ ይታጠብ። መድፈኛውን በጣቶቹ አጥብቆ ያጠቅልለው፤ በሌላው እጁ ከራሱ በላይ አዙሮ ጆሮውን ወደ ላይና ወደ ኋላ ይሳበው፤ በዚህም ቦዩ ይቀናል። ከዚያም አስገብቶ እስኪያብጥ ድረስ ግማሽ ደቂቃ ያህል በጣቱ ደግፎ ይያዘው። ተራ ጥጥ ግን ድምፅን የሚያግደው እጅግ ጥቂት ነው።

መግጠሙ በምን ይታወቃል? መድፈኛ ያደረገ ሰው ጩኸት ባለበት ስፍራ ጆሮዎቹን በመዳፉ ይክደን፤ ጩኸቱ በብዙ የሚቀንስ ከሆነ መድፈኛው አልገጠመም። በሚገባ ከገጠመ የራሱ ድምፅ ጋን ውስጥ ገብቶ እንደሚናገር ሰው ሆኖ ይሰማዋል። ማዳመጫ ያደረገውም ቀስ ብሎ ይጫነው፤ ወፍራሙ ድምፅ ሲጫነው ብቻ የሚጎላ ከሆነ ክፍተት አለ ማለት ነው። በልክ የተሠራ ከሆነ ራሱ ሊሞርደው አይገባም፤ ለሠሪው መልሶ ማስተካከል ይሻላል። ጆሮው መግል የሚያወጣ ሰው ሐኪም ሳያየው ምንም ነገር አያስገባ።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚመክረው፥ 80 ዴሲቤል ድምፅ በሳምንት እስከ 40 ሰዓት ሊሰማ ይችላል። ድምፁ በ3 ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር ጊዜው በግማሽ ይቀንሳል፤ ስለዚህ ለ90 ዴሲቤል የሚፈቀደው በሳምንት 4 ሰዓት ያህል ብቻ ነው። በክንድ ርቀት ላለ ሰው ጮሆ መናገር የግድ በሚሆንበት ስፍራ ጩኸቱ 85 ዴሲቤል ያህል እንደ ደረሰ መገመት ይቻላል። በውስጠኛው ጆሮ ድምፅን የሚቀበሉት 15,000 ያህል ጥቃቅን ባለ ጠጉር ሕዋሳት አንድ ጊዜ ከሞቱ አይተኩም።

እንግዲህ መፈልፈያና ወፍጮ ቤት የሚጎበኝ ሹም መድፈኛው መታደሉን በመዝገብ አይቶ ብቻ አይመለስ፤ በሠራተኛው ጆሮ ውስጥ መግጠሙንም ይመርምር። አባቶቻችን «ጆሮ ለባለቤቱ ባዕድ ነው» ማለታቸው ስለ ሐሜት ቢሆንም፥ ለዚህም ይስማማል። መስማት ቀስ በቀስ ሲደክም ባለቤቱ ሰው ሁሉ የሚያንሾካሹክ ይመስለዋል እንጂ ጉዳቱን አያውቅም፤ ቀድመው የሚያውቁት ደጋግመው የሚጠሩት ልጆቹ ናቸው። በዚያን ጊዜ ግን የጠፋው አይመለስም።