ሕመሙን ማን ያምነዋል? የአእምሮ ሕሙማንና የመጨረሻ ቀናት እንክብካቤ



ጽኑ የአእምሮ ሕመም ያለበት ሰው ለሞት የሚያደርስ ሌላ በሽታ ሲይዘው፣ የሚናገረውን የሚያምነው ሰው ያጣል። ዛሬ የማነሣው ይህንን ነው።

በቡታጅራና አካባቢዋ እንዲህ ያሉ 919 ሕሙማንን ለ10 ዓመታት የተከታተለ ጥናት በ2015 እ.ኤ.አ. ታትሟል። በዚያ ጊዜ 121ዱ ሞተዋል፤ ሞት የቀደማቸውም በ30 ዓመት ገደማ ነው። ግማሽ ያህሉን የገደለው ተላላፊ በሽታ ነበር። ስለዚህ ስለ ማስታገሻ እንክብካቤ ከመነጋገራችን በፊት፣ ሊድን የሚችለውን ሰው ከማይድነው አጥርተን መለየት ይኖርብናል።

ስኪዞፍሬኒያ ያለበት አንድ ሰው ‹‹ሆዴን ይቆርጠኛል፤ መርዝ አብልተውኛል›› ቢል፣ ሰሚው ሁለተኛውን ዐረፍተ ነገር ይዞ የመጀመሪያውን ይጥለዋል። ዕጢው ግን በሆዱ ውስጥ አለ።

የሊቲየምን ነገር በተለይ ልብ በሉልኝ። ይህ መድኃኒት ከሰውነት የሚወጣው በኩላሊት ነው። ሕመምተኛው መብላትና መጠጣት ሲያቅተው፣ ሲያስመልሰው ወይም ሲያስቀምጠው፣ የሚወስደው መጠን ሳይለወጥ በደሙ ውስጥ ይከማቻል። ለሕመሙ ተብሎ ዳይክሎፌናክ ወይም አይቡፕሮፌን ሲታከልበት ደግሞ ክምችቱ ይብሳል። እጁ ይንቀጠቀጣል፤ አንደበቱ ይተሳሰራል፤ ይደናገራል። ቤተሰብም፣ አንዳንዴም ሐኪሙ፣ ‹‹የቀድሞው ሕመም ተነሣበት›› ይላሉ። በዚህ ግምት መድኃኒቱ ቢጨመር መመረዙን ማባባስ ይሆናል።

የሁለቱ ክፍሎቻችን መራራቅ የሚያስገርመኝ በሃሎፔሪዶል ምክንያት ጭምር ነው። የአእምሮ ሐኪሙ ለሳይኮሲስ ያዝዘዋል፤ የማስታገሻ ሐኪሙ ለማቅለሽለሽና በመጨረሻ ቀናት ለሚመጣ መደናገር ይጠቀምበታል። መድኃኒቱ አንድ ሆኖ ሳለ ሐኪሞቹ አይተዋወቁም።

በአገራችን ክፉ ዜና አስቀድሞ የሚነገረው ለቤተሰብ ነው። የአእምሮ ሕመም ላለበት ሰውማ ጭራሽ አይነገርም፤ ‹‹አይገባውም›› ይባላል። የመወሰን ችሎታ ግን ከምርመራው ስም ጋር አብሮ አይጠፋም፤ ከጉዳይ ጉዳይ፣ ከቀን ቀን ይለያያል። ገንዘቡን ማስተዳደር ያልቻለ ሰው ማን አጠገቡ እንዲቀመጥ እንደሚሻ፣ የንስሐ አባቱ መቼ እንዲጠሩለት እንደሚፈልግ አሳምሮ ሊናገር ይችላል። ለሟች ኑዛዜ ይህን ያህል ክብር የሚሰጥ ሕዝብ ይህን ሰው ሳይጠይቅ መቅበሩ ይከነክነኛል።

መጠየቅ ያለበትም በተረጋጋበት ወቅት ነው። ከጥያቄዎቹ አንዱ ቀድሞ ታስሮ ታክሞ እንደሆነ ማወቅ ነው፤ እንዲያ የታከመ ሰው ለሞርፊን መርፌ ክንዱን ሲይዙት ሊታገል ይችላልና።