ከማንኩሳ እስከ ሆሊውድ፡- እንደገና የተሠራ ታሪክ በምን ይመዘናል?

በአንድ አገር የተሠራ ፊልም በሌላ አገር ተዋንያንና በሌላ ቋንቋ እንደገና መሠራቱ በዓለም የፊልም ኢንዱስትሪ የቆየ ልማድ ነው፡፡ ሆሊውድም የጃፓንን፣ የፈረንሳይን፣ የሆንግ ኮንግንና የሌሎች አገሮችን ፊልሞች በዚህ መልክ ለአሜሪካ ተመልካች ሲያቀርብ ቆይቷል፡፡ የፊልም ሐያስያን ለእነዚህ ሥራዎች የሚሰጡት ፍርድ ግን ይለያያል፡፡ አንዱ ሲወደስ ሌላው ይነቀፋል፡፡ የልዩነቱን ምክንያት ማወቅ ለሐያስያን ብቻ ሳይሆን፣ በሥነ ጽሑፍ ስማቸው ለተጠራ የኢትዮጵያ አካባቢዎችና እነርሱን ለሚያስተዳድሩ ጽሕፈት ቤቶችም ጠቃሚ ነው፡፡

በምዕራብ ጎጃም በቡሬና በፍኖተ ሰላም መካከል የምትገኘው ማንኩሳ ከእነዚህ አካባቢዎች አንዷ ናት፡፡ ክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም ያሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» ልብ ወለድ ዋና ገጸ ባሕርይ በዛብህ የማንኩሳ ልጅ ነው፡፡ መጽሐፉ በአርቲስት ወጋየሁ ንጋቱ አንባቢነት በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተረክ መጽሐፉን ገዝቶ ማንበብ ላልቻለው ሕዝብ ጭምር ደርሷል፡፡ ሬዲዮው ታሪኩን ከወረቀት ወደ ድምፅ ቢያሸጋግረውም ከቦታውና ከዘመኑ አላወጣውም፡፡ በፊልም እንደገና የሚሠራ ታሪክ ግን ብዙውን ጊዜ ቦታም ዘመንም ይለውጣል፡፡ ሂስ የሚጀምረውም ከዚህ ላይ ነው፡፡

በዚህ ረገድ ተደጋግሞ የሚጠቀሰው የጃፓናዊው ዳይሬክተር አኪራ ኩሮሳዋ «ሰባቱ ሳሙራይ» ነው፡፡ እ.ኤ.አ. በ1954 የወጣው ይህ ፊልም አዝመራቸውን በሽፍቶች የሚዘረፉ ገበሬዎች ተዋጊዎች ቀጥረው መንደራቸውን ሲያስጠብቁ ያሳያል፡፡ ሆሊውድ እ.ኤ.አ. በ1960 ታሪኩን ወደ አንድ የሜክሲኮ መንደር በመውሰድ ሳሙራዮቹን በአሜሪካውያን ተኳሾች ተካቸው፡፡ ሥራው በወጣበት ወቅት ከጃፓኑ ጋር አነጻጽረው የነቀፉት ሐያስያን ቢኖሩም፣ ተቀባይነቱ እያደገ ሄዶ እ.ኤ.አ. በ2013 በአሜሪካ ብሔራዊ የፊልም መዝገብ እንዲካተት ተመርጧል፡፡ የለፋበት ሰብል እንዳይዘረፍ መሥጋት በጃፓንም፣ በሜክሲኮም፣ በቆጋም ለሚያርስ ሰው እኩል የሚገባ ጉዳይ ነው፡፡ ታሪኩ አገር ለውጦ የጸናው ይህ መነሻው በአዲሱ ቦታም እውነት ሆኖ በመገኘቱ ነው፡፡

ሁለተኛው ምሳሌ እ.ኤ.አ. በ2002 ሆንግ ኮንግ ውስጥ የተሠራው ፊልም ሲሆን፣ በወንጀለኞች መካከል የገባ ፖሊስንና በፖሊስ ውስጥ የሰረገ ወንጀለኛን ታሪክ ይተርካል፡፡ ማርቲን ስኮርሴዚ እ.ኤ.አ. በ2006 «ዘ ዲፓርትድ» በሚል ርዕስ እንደገና ሲሠራው ታሪኩን በቦስተን ከተማ በሚኖሩ የአየርላንድ ዝርያ ያላቸው አሜሪካውያን ሕይወት ላይ መሠረተው፡፡ የሆንግ ኮንጉ ይበልጣል የሚሉ ሐያስያን ቢኖሩም፣ የስኮርሴዚ ሥራ የዓመቱን ምርጥ ፊልም ሽልማት ጨምሮ 4 የኦስካር ሽልማቶችን አግኝቷል፡፡

በአንጻሩ የኔዘርላንዱ ዳይሬክተር ጆርጅ ስሉይዘር የራሱን ፊልም ለሆሊውድ እንደገና ሠርቶ አልተሳካለትም፡፡ እ.ኤ.አ. በ1988 የሠራው ፊልም ፍቅረኛው ደብዛዋ የጠፋበት ሰው እውነቱን ለማወቅ ሲል የእርሷን ዕጣ መጋራቱን ያሳያል፡፡ እ.ኤ.አ. በ1993 በአሜሪካ ሲሠራው ግን ሰውየው ተርፎ በዳዩ እንዲቀጣ አደረገ፡፡ ሐያስያን ይህን ፍጻሜ ክፉኛ ነቀፉት፡፡ ዳይሬክተሩ ያው አንድ ሰው ነው፤ የቀረው ታሪኩ የተሠራበት ምክንያት ነው፡፡

ከእነዚህ ፊልሞች አቀባበል የሚወሰደው መመዘኛ ግልጽ ነው፡፡ ዋናው ጥያቄ ዳግም የተሠራው ከመጀመሪያው ጋር ምን ያህል ይመሳሰላል የሚለው ሳይሆን፣ ታሪኩን ያስገደደው ኃይል በአዲሱ ሥራ ውስጥ አለ ወይ የሚለው ነው፡፡ በ«ፍቅር እስከ መቃብር» ውስጥ ይህ ኃይል የዘር ሐረግ ቆጠራና የባላባት ሥርዓት ነው፡፡ በዛብህና ሰብለ ወንጌልን የሚለያቸው፣ ጉዱ ካሣን ከዘመዶቹ የሚያጋጨው፣ ገበሬዎችን በፊታውራሪ መሸሻ ላይ የሚያስነሳው ይኸው ሥርዓት ነው፡፡ ይህን ታሪክ ወደ ምስል የሚያሸጋግር ባለሙያ ልብሱንና ቤቱን ቢለውጥ ሊያስኬደው ይችላል፡፡ ፍቅረኞቹን በሠርግ ቢያጣምር ግን ርዕሱንም መለወጥ ይኖርበታል፡፡

ከጥበብ ፍርድ የተለየው ሌላው ጉዳይ መብት ነው፡፡ ጣሊያናዊው ሰርጂዮ ሊዮኔ እ.ኤ.አ. በ1964 ያወጣው የካውቦይ ፊልም የኩሮሳዋን «ዮጂምቦ» ያለ ፈቃድ የተከተለ በመሆኑ በጃፓኑ ቶሆ ኩባንያ ተከሶ፣ ጉዳዩ ባለመብቶቹ የገቢ ድርሻ እንዲያገኙ በማድረግ በስምምነት ተቋጭቷል፡፡ ፊልሙ በተመልካች መወደዱ ከክሱ አላዳነውም፡፡

በኢትዮጵያ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ሥራን የመተርጎምና ወደ ሌላ ዓይነት የመለወጥ መብት የሥራው አመንጪ መሆኑን ይደነግጋል፡፡ የኢኮኖሚ መብቱ በአመንጪው ዕድሜ ልክና ከሞቱ በኋላ ለወራሾቹ ለ50 ዓመታት ይጸናል፡፡ ክቡር ዶክተር ሐዲስ ያረፉት አዋጁ በወጣበት በ1996 ዓ.ም በመሆኑ፣ በዚህ ስሌት የሥራቸው ጥበቃ እስከ 2046 ዓ.ም የሚዘልቅ ይሆናል፡፡

ይህም በየወረዳው ለሚገኙ የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤቶች ተግባራዊ ትርጉም አለው፡፡ የማንኩሳ ስም፣ መልክዓ ምድሯና የሕዝቡ አኗኗር የአንድ ደራሲ ንብረት ባለመሆናቸው፣ ማንኛውም የፊልም ባለሙያ በእነርሱ ላይ ተመሥርቶ የራሱን ታሪክ መሥራት ይችላል፡፡ የበዛብህንና የሰብለ ወንጌልን ታሪክ ለመሥራት ግን የባለመብቱ ፈቃድ ያስፈልጋል፡፡ በመሆኑም ለቀረጻ ትብብር የሚጠየቅ ጽሕፈት ቤት ሥራው በነባር ድርሰት ላይ የተመሠረተ መሆን አለመሆኑን መጠየቁ፣ የተመሠረተ ከሆነም የጽሑፍ ፈቃዱን መመልከቱ ደራሲንም ባለሙያንም ከኋላ ክርክር ያድናል፡፡ ሥራው ጥሩ ነው ወይስ አይደለም የሚለውን መፍረድ ግን የጽሕፈት ቤቱ ሳይሆን የሐያሲውና የተመልካቹ ድርሻ ነው፡፡