በ22 ፊደላት የተጻፈ ትእዛዝ

እ.ኤ.አ. በ1977 የቦብ ማርሌይ የእግር አውራ ጣት ጥፍር ሥር ቁስል ታየ። መጀመሪያ ኳስ ሲጫወት የተጎዳ ነበር የመሰለው፤ ሲመረመር ግን ሜላኖማ የሚባለው የቆዳ ካንሰር ሆኖ ተገኘ። በ1981፣ በ36 ዓመቱ ሲያርፍ በሽታው አንጎሉ ድረስ ደርሶ ነበር።

ጠቆር ያለ ቆዳ ፀሐይ ከሚያመጣው የቆዳ ካንሰር በብዙ ይጠብቃል። በውስጥ እግር፣ በመዳፍና በጥፍር ሥር የሚወጣው አክራል ሜላኖማ ግን የቆዳ ቀለም አይመርጥም። (ስለዚህ ጥፍራችሁ ሥር ወይም ውስጥ እግራችሁ ላይ ያልነበረ፣ እየሰፋ የሚሄድ ጥቁር መስመር ወይም ነጠብጣብ ካያችሁ ሳትውሉ ሳታድሩ ሐኪም አሳዩት።)

እኔን እንቅልፍ የሚነሣኝ ጥያቄ ይኼ ነው፦ ቀለም እየሠራ ከቦታው ሳይነቃነቅ የኖረ ሕዋስ ምን ቢሆን ነው ተነሥቶ አንጎል ድረስ የሚጓዘው? የመልሱ አንድ ክፍል ማንም ዞር ብሎ ያላየው ቦታ ተቀምጦ ነበር። እስቲ ልንገራችሁ!

መጀመሪያ አንድ ነገር እንጨብጥ። ሕዋስ ፕሮቲን መሥራት ሲፈልግ ከዲ.ኤን.ኤ መዝገብ ላይ የአንዱን ዘረ መል ቅጂ በአር.ኤን.ኤ ይገለብጣል፤ ፕሮቲኑ የሚሠራው ያንን ቅጂ በማንበብ ነው። በ1993 ግን ቪክተር አምብሮስና ጋሪ ረቭከን አንድ ሚሊ ሜትር በምታህል ትል ላይ ሲመራመሩ ለየት ያለ አር.ኤን.ኤ አገኙ። ርዝመቱ 22 ፊደል ብቻ ነው። ፕሮቲን አይሠራም፤ ሥራው የሌላውን ቅጂ ዝም ማሰኘት ነው። የትል ነገር ነው ተብሎ ብዙም ትኩረት ሳያገኝ ቆየ። በ2000 የረቭከን ቡድን ከትል እስከ ሰው የሚገኝ ሌላ ሲያገኝ ግን ነገሩ ተቀየረ። ዛሬ ማይክሮ አር.ኤን.ኤ ይባላሉ፤ ሁለቱ ሰዎችም በ2024 የኖቤል ሽልማት ተቀብለውበታል።

የእኛ ባለታሪክ ሚር-211 ይባላል። ቀረብ ብላችሁ ተመልከቱት። እሱም 22 ፊደል ነው፤ ከሁለተኛው እስከ ስምንተኛው ያሉት ፊደሎቹ ዩ-ሲ-ሲ-ሲ-ዩ-ዩ-ዩ ናቸው። በአር.ኤን.ኤ ቋንቋ ዩ ከኤ፣ ሲ ከጂ ጋር ይገጥማል። አርጎኖት የሚባል ፕሮቲን ሚር-211ን ይዞ ይዞራል፤ ፊት ለፊቱ ኤ-ጂ-ጂ-ጂ-ኤ-ኤ-ኤ የሚል ቅጂ ሲያጋጥመው ይጣበቅበታል። የተያዘው ቅጂ ወይ ሳይነበብ ይቀራል፣ ወይ ተቆራርጦ ይጠፋል። ሰባት ፊደል የሚገጥምለት ቅጂ ብዙ ስለሆነ አንድ ማይክሮ አር.ኤን.ኤ ብቻውን ብዙ ዘረ መሎችን ይገራል። እሱ ሲጎድል ብዙ ነገር አንድ ላይ ልጓሙን የሚጥለውም ለዚህ ነው።

አሁን ወደ ሜላኖማው። በ1998 ሜላስታቲን የተባለ ዘረ መል ታወቀ። ቀለም በሚሠሩት ሕዋሶች ውስጥ ይሠራል፤ ክፉ በሆነው፣ በሚሰራጨው ሜላኖማ ውስጥ ግን እየደከመ ይጠፋል። ሁሉም ያሰበው አንድ ነገር ነው፦ ካንሰሩን አስሮ የያዘው የዚህ ዘረ መል ፕሮቲን መሆን አለበት።

ዘረ መል ሲገለበጥ ግን ቅጂው እንዳለ አይላክም። ኢንትሮን የሚባሉ ክፍሎች ከመሐሉ ተቆርጠው ይወጣሉ፤ ልብስ ሰፊ ከመቀሱ ሥር እንደሚጥለው ቅዳጅ ማለት ነው። ሚር-211 የተጻፈው እዚያ የሜላስታቲን ቅዳጅ ውስጥ ነበር! በ2010 ቦስተን ውስጥ በዴቪድ ፊሸር ቤተ ሙከራ ካርሚት ሌቪና ባልደረቦቿ ሁለቱን ለያይተው ፈተኑ። ሁለቱም ለጎደሏቸው ወራሪ የሜላኖማ ሕዋሶች የሜላስታቲንን ፕሮቲን ሲጨምሩላቸው ወረራው አልቀነሰም። ሚር-211ን ሲመልሱላቸው ግን ቀነሰ። ቅኔ የተማረ ሰው ይኼ አይቸግረውም፤ ሁሉም ሰሙን ሲመረምር ወርቁ እዚያው ቃል ውስጥ ነበር። እኔ ይኼን ባነበብኩ ቁጥር ደስታዬ አዲስ ነው።

ታዲያ ሚር-211 ደግ ነው ብለን እንለፍ? በፍጹም። በ2016 ሌቪ፣ አሁን በቴል አቪቭ ዩኒቨርሲቲ፣ ሌላ ገጽታውን አሳየች። ቀለም ሠሪ ሕዋስ ሜላኒኑን በትናንሽ ከረጢት እያሸገ ለላይኛው ቆዳ ጎረቤቶቹ ያድላል። የሜላኖማ ሕዋስም ከረጢቱን ያሽጋል፤ ነገር ግን ገና ወደ ታች ሳይወርድ ወደ ውስጠኛው የቆዳ ሽፋን ጭምር ይልከዋል። ከረጢቱ ውስጥ ሚር-211 አለ። እዚያ የሚኖሩት ፋይብሮብላስት የተባሉ ሕዋሶች ሲቀበሉት ጠባያቸው ይለወጣል፤ ለሚመጣው ዕጢ መደላድል ያዘጋጃሉ። በካንሰሩ ሕዋስ ውስጥ ልጓም የነበረው ጎረቤት ቤት ሲገባ መንገድ ጠራጊ ሆነ። ፊደሎቹ አልተለወጡም፤ የተለየው ቤቱ ውስጥ ያገኛቸው ቅጂዎችና የሚሠሩት ሥራ ነው።

በእኔ አስተያየት መድኃኒት ለሚሠሩት ትልቁ ፈተና ይኼው ነው፦ ትእዛዙን መጻፉ ሳይሆን ለትክክለኛው ሕዋስ ብቻ ማድረሱ። ሚር-34 የተባለ ሌላ ማይክሮ አር.ኤን.ኤ በሰው ሠራሽ መልክ ተዘጋጅቶ፣ በስብ ቅንጣት ተሸፍኖ፣ ከ2013 ጀምሮ ለካንሰር ሕሙማን በደም ሥር ተሰጥቶ ነበር። ይህን የመሰለ ሙከራ በሰው ላይ ሲደረግ የመጀመሪያው ነው። የሰውነት መከላከያ ክፉኛ ተቆጥቶ አራት ሰዎች ሞቱ፤ ሙከራውም በ2016 ቆመ። ዕጢያቸው ካነሰላቸው ጥቂት ሰዎች መካከል ግን አንዱ የአክራል ሜላኖማ ታማሚ ነበር፤ የቦብ ማርሌይን ጣት የያዘው ዓይነት።