የአንገት ቀዶ ጥገና ለምን ይደገማል?

ከደብረ ማርቆስ አዲስ አበባ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ መንገዱም የዓባይን በረሃ ወርዶ ይወጣል። የአንገቱ ዲስክ ነርቭ ተጭኖ «ኦፕራሲዮን ያስፈልግሃል» የተባለ የጎጃም ገበሬ ይህን መንገድ የሚጀምረው እህል ወይም ከብት ሸጦ፣ አስታማሚ አስከትሎ ነው። ስለዚህ «ተመልሼ እቀደድ ይሆን?» የሚለው ስጋቱ ከሕመሙ ባልተናነሰ ጎተራውንም ይነካል። ብዙ ሰው መልሱን ከቀዶ ሐኪሙ እጅ ብቻ ይጠብቃል። ማስረጃው ሲታይ ግን፣ ሊቀነሱ ከሚችሉት የመደገም ምክንያቶች ብዙዎቹ ያሉት ታካሚው ሆስፒታል ከመግባቱ በፊትና ወደ ቤቱ ከተመለሰ በኋላ ነው።

በተለመደው አሠራር ሐኪሙ በአንገት ፊት ለፊት ገብቶ የተበላሸውን ዲስክ ያወጣል፤ በቦታው ቁራጭ አጥንት ወይም ሰው ሠራሽ ድጋፍ ያስገባና ከላይና ከታች ያሉትን አጥንቶች ብዙ ጊዜ በብረትና በብሎን ያስራቸዋል። ብረቱ ጊዜ መግዣ ነው፤ ዋናው ሥራ ሁለቱ አጥንቶች አድገው አንድ መሆናቸው ሲሆን ይህም ወራት ይፈጃል። በመጀመሪያዎቹ ቀናትና ሳምንታት ለዳግም ቀዶ ጥገና የሚዳርጉት የደም መቋጠርና ኢንፌክሽን ናቸው። ወራት ሲያልፉ ደግሞ አጥንቱ ሳይያያዝ ቀርቶ ብሎኑ ሊላላ ይችላል። ከዓመታት በኋላ የሚመጣው የጎረቤት ዲስክ መበላሸት ነው፤ በደቦ አጨዳ አንድ ሰው ሲጎድል ድርሻው ከጎኑ ላለው እንደሚተርፍ ሁሉ፣ የታሰረው መገጣጠሚያ የተወውን እንቅስቃሴ አጠገቡ ያለው ይሸከማል።

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1999 አሜሪካዊው ሐኪም አለን ሂሊብራንድና ባልደረቦቹ 374 ታካሚዎችን ተከታትለው ባወጡት ጥናት፣ በየዓመቱ ከመቶ 3 የሚጠጉት በጎረቤት ዲስክ ምክንያት አዲስ ሕመም ይጀምራቸው ነበር፤ በ10 ዓመት ውስጥም ከአራቱ አንዱ ገደማ ይህ እንደሚደርስበት ገምተዋል። የሚያስገርመው፣ ብዙ መገጣጠሚያ የታሰረላቸው ሰዎች በዚህ ረገድ አንድ ብቻ ከታሰረላቸው ያነሰ ስጋት ነበረባቸው። ጥፋቱ የማሰሩ ብቻ ቢሆን ኖሮ ነገሩ በተቃራኒው መሆን ነበረበት። ስለዚህ ዕድሜ ያመጣው መሸርሸርም ድርሻ አለው፤ በተለይ በ5ኛውና በ6ኛው፣ በ6ኛውና በ7ኛው የአንገት አጥንት መካከል ያሉት ዲስኮች ቀድመው ይጎዳሉ። ይሁንና የሚታሰረው በበዛ ቁጥር አጥንቱ ሳይያያዝ የመቅረት ዕድሉ ይጨምራል። ሐኪሙ የትኛውን አስሮ የትኛውን እንደሚተው የሚወስነው ሁለቱን ስጋቶች መዝኖ ነው።

በውጭ አገር የስጋት ዝርዝር ላይ ሲጋራ ከፊት ይቀመጣል፤ ኒኮቲን የአጥንትን መያያዝ ያዘገያልና። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2016 በተደረገው አገር አቀፍ የትምባሆ ጥናት ግን ከኢትዮጵያ አዋቂዎች ትምባሆ የሚጠቀሙት ከመቶ 5 ብቻ ነበሩ። ስለዚህ ማጨስ የሚያጨሰውን ሰው በእርግጥ ቢጎዳም፣ ለጎጃም ታካሚ ዝርዝሩ በሌላ ቅደም ተከተል መነበብ አለበት። ያልታወቀ ወይም ያልተቆጣጠሩት የስኳር በሽታ ለኢንፌክሽን ያጋልጣል፤ የምግብ እጥረት ቁስል እንዳይሽር ያደርጋል፤ በእድሜ የገፉ ሴቶች የሳሳ አጥንት ብሎን አጥብቆ አይዝም። ከዚያ ደግሞ ኑሮው አለ፦ አጥንቱ ሳይያያዝ ጀሪካን ማዘል፣ ጆንያ መሸከም፣ አንገቱን ለወጌሻ ሰጥቶ ማሳሸት፣ መንገዱ ስለራቀ ቀጠሮ መተው።

«እንግዲያው ጨርሶ አለመቀደድ አይሻልም?» የሚል ይኖራል። ሕመሙ ወደ ክንድ የሚወርድ ብቻ ከሆነ ብዙ ሰው በመድኃኒትና በፊዚዮቴራፒ ይሻለዋል፤ መታገሱ ተገቢ ነው። እጅ ቁልፍ መቆለፍ ሲያቅተው፣ እግር ሲንገዳገድ ግን ህብለ ሰረሰር እየተጎዳ ነው፤ እዚያ ላይ መዘግየት ከዳግም ቀዶ ጥገና የከፋ ዕዳ ያመጣል። «ድሃ እንዴት ሳይሸከም ይኑር?» የሚለው ተቃውሞ የበለጠ ይከብዳል። ምክር ብቻውን መልስ አይሆንለትም፤ ቀዶ ጥገናው ከመኸር ሥራ በራቀ ወቅት እንዲያዝ፣ የቤቱን ሸክም ለጥቂት ወራት ማን እንደሚረከብ ቤተሰቡ አስቀድሞ እንዲነጋገር ማድረግ ግን ይቻላል።

አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2006 ከኖርዌይ ሐኪሞች ጋር የኒውሮሰርጀሪ (የአንጎል፣ የህብለ ሰረሰርና የነርቭ ቀዶ ሕክምና) ስልጠና ከጀመረ ወዲህ በአገር ውስጥ የሰለጠኑ ቀዶ ሐኪሞች እየበዙ ነው። ክትትሉ ግን ያን ያህል ልዩ ባለሙያ አይጠይቅም። ስኳርን በጤና ጣቢያ መለካት፣ የአንገት ራጅ በደብረ ማርቆስ አንስቶ ለቀደደው ሐኪም መላክ ይቻላል። ታካሚው ከመፈረሙ በፊት «ራጁን መቼ፣ የት ልነሳ? ሸክም መቼ ልጀምር? ምን ምልክት ካየሁ ልመለስ?» ብሎ መልሱን በወረቀት ይያዝ፤ ሐኪሙም ይህን ሳይጽፍ አያሰናብተው።