«አባዬ በዱላው ሊመታኝ ነበር!»

ነገሩ ወዲህ ነው። አንድ የማውቀው ሰው አለ። ስሙን ብጠራ ከሚስቱ ጋር እንደገና ስለማጣላው ይቅርብኝ። ዕድሜው ከሠላሳ ብዙም ያልዘለለ፣ የአንድ የ5 ዓመት ወንድ ልጅ አባት ነው። ሲጋራ አያጨስም፣ ጫት አይቅምም፣ መጠጡም ለወጉ ያህል ነው። አንዲት አመል ብቻ አለችው… ጎልፍ!

ያስለመዱት የመሥሪያ ቤት አለቃው ናቸው። መጀመሪያ «ይሄ የሽማግሌ ጨዋታ ነው» እያለ ይስቅ ነበር። አንድ ቀን ግን ኳሷን አስተካክሎ ሲመታት፣ ሽው ብላ ሰማዩን ሰንጥቃ ስትሄድ አየ። በቃ! ተለከፈ። ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ከቤት ይወጣል፤ የሚመለሰው ምሳው ከቀዘቀዘ በኋላ ነው።

ሚስት ደግሞ ሳምንቱን ሙሉ ቢሮ ውላ፣ ማታ ማታ ከልጅ ጋር ስትታገል አምሽታ፣ ቅዳሜን የምትጠብቀው ፀጉሯን ልትሠራ፣ እናቷን ልትጠይቅ ነው። ግን በየት በኩል? ልጁን ለማን ጥላው ትሂድ? አንድ ዓመት ቻለች። አንድ ቅዳሜ ግን በሩ ላይ ቆመች። «ከዛሬ ጀምሮ ወይ ልጁን ይዘህ ትሄዳለህ፣ ወይ አንተም ትቀራለህ!»

ሰውየው ደስ አለው። «ይሄማ ምን ችግር አለው?» አለና ለልጁ ጫማውን አስሮለት ይዞት ሄደ።

አንድ ስንዝር!

የመጀመሪያው ጉድጓድ ላይ ሁሉ ሰላም ነበር። ልጁ ሰፊ ሣር ስላገኘ እንደ ጥጃ ይቦርቃል። ሁለተኛው ላይ «አባዬ ውሃ ጠማኝ» መጣ። ሦስተኛው ላይ «አባዬ ሽንቴ መጣ»። አራተኛው ላይ «አባዬ መቼ ነው የሚያልቀው?» (ልብ በሉ፤ ሙሉ የጎልፍ ጨዋታ 18 ጉድጓድ ነው። አራት ሰዓት ገደማ ይፈጃል፤ የእግር መንገዱም ወደ 8 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። ለ5 ዓመት ልጅ ይህ ከአዲስ አበባ ደብረ ዘይት እንደመሄድ ነው።)

አብረውት የሚጫወቱት ጓደኞቹ ጉሮሯቸውን መጠራረግ ጀመሩ። ከኋላ ተራ የሚጠብቁት ወገባቸውን ይዘው ቆመዋል። አባት ጨነቀው። ሞባይሉን ለልጁ ሰጠና «እዚህ ጋ ቁም፣ እንዳትንቀሳቀስ!» አለው። ዱላውን ወደ ኋላ ስቦ ባለ በሌለ ኃይሉ ወረወረው። ለካስ ልጁ ሣሩ ላይ የወደቀች የኳስ ማስቀመጫ ችካል አይቶ፣ ሊያነሳት ከኋላው ጠጋ ብሎ ኖሯል! የዱላው ብረት ከልጁ ጆሮ ግንድ በአንድ ስንዝር ርቀት አለፈ።

«እግሬ ከዳኝ፤ እዚያው ቁጭ አልኩ» ይላል። «ኳሷ የት እንደገባች እስከ ዛሬ አላውቅም።»

ልጁን አቅፎ ቀጥ ወደ ቤት። ለሚስቱ ምንም ላይናገር በመንገዱ ሁሉ ሲምል ነው የመጣው። ልጅ ግን ሚስጥር የት ያውቃል? ገና በሩ ሲከፈት፣ «እማዬ! እማዬ! አባዬ በዱላው ሊመታኝ ነበር!» ከዚያ በኋላ የሆነውን ትዳር ያለው ሁሉ ይገምተው።

ጥፋቱ የቱ ነው?

ሰውየው በማግስቱ እኔ ዘንድ መጣ። ዓይኑ እንቅልፍ አላየም። «ጎልፉን ልተወው ወይስ ልጁን እቤት ላስቀረው?» አለኝ።

እኔ ጥያቄው ራሱ ጠማማ ነው ባይ ነኝ። ጥፋቱ ልጁን ይዞ መሄዱ አይደለም። የራሱን ጨዋታ ሊጫወት ልጁን እንደ ቦርሳ አንጠልጥሎ መሄዱ ነው! ልጅ ይዘህ የወጣህ ቀን፣ ቀኑ የልጁ ነው። ያን ቀን የአንተ ጨዋታ የለም። ይህ ካልተዋጠልህ ባትወስደው ይሻላል አልኩት። «ይሄ የሀብታም ወሬ እኔን ምን አገባኝ?» የምትሉ አንባቢዎችም አላችሁ። ዱላውን በፑል ዱላ፣ ሣሩን በፑል ቤት ቀይሩት፤ ነገሩ ያው ነው።

የዓለም አንደኞቹ እንኳ ይህን ያውቁታል። በአሜሪካ ጆርጂያ፣ አውጉስታ በሚባለው ሜዳ በየዓመቱ የማስተርስ ውድድር ይደረጋል። ከውድድሩ አንድ ቀን በፊት፣ ረቡዕ ዕለት፣ በ9 አጫጭር ጉድጓዶች ላይ ሌላ ትንሽ ውድድር አለ። ታላላቆቹ ተጫዋቾች ነጭ ቱታ ያለበሷቸውን ልጆቻቸውን ይዘው ይመጣሉ። ሕጉ ኳሱን ሌላ ሰው ከመታላችሁ ማሸነፍ አትችሉም ይላል። እነሱ ግን ዋንጫውን ትተው ልጆቹን ያስመታሉ! እ.ኤ.አ. በ2025 የሰሜን አየርላንዱ ሮሪ ማክልሮይ የ4 ዓመት ሴት ልጁን እዚያ አስመታት። ኳሷ ረጅም መንገድ ተንከባልላ ጉድጓዱ ውስጥ ገባች። ሕዝቡ በጩኸት ቀለጠ። አባትየውስ ተጎዳ? ከአራት ቀን በኋላ ለዓመታት ሲያመልጠው የኖረውን ትልቁን የማስተርስ ውድድር አሸነፈ።

የታይገር አባት ምን አደረገ?

ስለ ልጅና ጎልፍ ተነስቶ ታይገር ዉድስን መዝለል አይቻልም። አባቱ ኧርል ዉድስ ጡረታ የወጣ የጦር መኮንን ነበር። ጋራዡ ውስጥ መረብ ወጥሮ ኳስ ሲመታ ሕፃኑን በልጅ ወንበር አስቀምጦ ያሳየው ነበር። ልጁም እ.ኤ.አ. በ1978፣ ገና በ2 ዓመቱ፣ ቴሌቪዥን ላይ ቀርቦ መታ።

«እንግዲያው የእኔንም ዛሬውኑ ላስጀምር!» የምትሉ ቆዩ። ኧርል ራሱ እንደተረከው፣ ልጁን «ና ተለማመድ» እያለ አይጎትተውም ነበር። ልጁ ነው ቢሮው ድረስ ስልክ እየደወለ «ዛሬ አብሬህ ልጫወት?» የሚለው። አባት ትንሽ ዝም ብሎ ያስጨንቀውና «እሺ» ይለዋል።

ሌላም አለ። በጎልፍ እያንዳንዱ ጉድጓድ በስንት ምት መግባት እንዳለበት የተወሰነ ቁጥር አለው። ትንሽ ልጅ በአዋቂ ቁጥር ከተለካ ሁልጊዜ ተሸናፊ ነው። የታይገር የመጀመሪያ አሠልጣኝ ሩዲ ዱራን ግን ለሕፃኑ በአቅሙ ልክ የራሱን ቁጥር አወጣለት። ልጁ ገና በትንሽነቱ የማሸነፍን ጣዕም ቀመሰ። ዳሩ ግን ስንት ሺህ ሕፃናት ጀምረው የወጣው ታይገር አንድ ነው። ስለዚህ ታይገር ለማውጣት ብላችሁ አትሂዱ፤ ቅዳሜን አብራችሁ ለማሳለፍ ሂዱ።

እንግዲህ ምክሩ ይኸው

1. አስቀድማችሁ ጠይቁ። አንዳንድ ክለብ ትንንሽ ልጆችን ሜዳ አያስገባም፤ ቢያስገባም ሰው የሚበዛበት ሰዓት አለ። ጭር ሲል ሂዱ።

2. «ዱላ ሲነሳ እግር ይቆማል!» ይህን ሕግ እቤት ሳላችሁ አስተምሩ። ልጁ ከኋላችሁም ኳሷ ከምትሄድበትም በኩል አይቁም። ፊት ለፊታችሁ፣ ዓይናችሁ በሚያየው ቦታ፣ ከብዙ እርምጃ ርቆ ይቁም። ኳሷ 46 ግራም ብትመዝንም እንደ ድንጋይ የጠነከረች ናት። ሜዳ ላይ «ፎር!» የሚል ጩኸት ከተሰማ ኳስ እየመጣ ነው ማለት ነው፤ ጭንቅላትን በእጅ ሸፍኖ ማጎንበስ ነው። ይህን እንደ ጨዋታ አለማምዱት።

3. የአዋቂ ዱላ አትስጡት። ይከብደዋል፣ ይረዝምበታል፣ አመታቱንም ያበላሻል። ለጀማሪ የፕላስቲክ ወይም በቁመቱ ልክ ያጠረ አንድ ቀላል ዱላ ይበቃዋል።

4. ከጉድጓዱ ጀምሩ። ከሩቅ መምታት ለልጅ ንዴት ነው። ጉድጓዱ ወደ 11 ሳንቲ ሜትር ስፋት አለው፤ ልጁን አንድ እርምጃ ብቻ አርቃችሁ አቁሙት። ኳሷ «ቋ» ብላ ስትገባ የሚሰማው ደስታ ከአንድ ቀን ስብከት ይበልጣል። ከዚያ ቀስ እያላችሁ ራቁ።

5. ሠላሳ፣ ቢበዛ አርባ ደቂቃ። «ትንሽ እንጨምር» እያለ ሳለ አቁሙ። ሰልችቶት የተመለሰ ልጅ ዳግመኛ አይመጣም።

6. ውሃ፣ ዳቦ፣ ኮፍያ፣ ቅያሪ ሱሪ። ሽንት ቤት ከመግባታችሁ በፊት! አዲስ አበባ ከፍታዋ ከ2,300 ሜትር በላይ ነው፤ ፀሐይዋ ብርድ ውስጥም ታቃጥላለች። ክረምት ላይ ነጎድጓድ ከሰማችሁ ጨዋታው አለቀ። ዛፍ ሥር አትጠለሉ፤ ቤት ወይም መኪና ውስጥ ግቡ።

7. አትቆጡ፣ አታርሙ። «እጅህን! እግርህን! አንገትህን!» ማለት መርማሪ ፖሊስ መሆን ነው። ሞባይል ሰጥቶ ማስቀመጥም አብሮ መዋል አይባልም።

መጨረሻው

ሰውየው እያጉረመረመ ሄደ። ሁለት ቅዳሜ ሚስቱ ልጁን አልሰጥም አለች። እውነቷን ነው። በሦስተኛው ሳምንት የራሱን ዱላዎች መኪና ውስጥ እንኳ ሳይጭን፣ ትንሿን የፕላስቲክ ዱላ አሳይቶ ለምኖ ወሰደው። አርባ ደቂቃ ከጉድጓዱ አጠገብ ተጫወቱ፣ ለስላሳ ጠጡ፣ ተመለሱ። ምሳው ገና ትኩስ ነበር።

ልጁ በሩ ላይ ምን አለ መሰላችሁ? «እማዬ! አባዬን አሸነፍኩት!»

ሚስት ቀና ብላ ባሏን አየችው። «እንኳን አሸነፈህ» አለችና ሳቀች። አሁን የወሩ የመጀመሪያ ቅዳሜ የአባት ብቻ ነው፤ ሌሎቹ የልጁ ናቸው፤ እሷም ፀጉሯን ትሠራለች። ሰውየው ጎልፉ እንደተበላሸበት ነግሮኛል። ሲነግረኝ ግን ጥርሱ አይከደንም ነበር።

ሳምንት ሰው ይበለን!